ደንገጎ ዳገት ላይ የሚቆራርጥ ፒክአፕ፦ ኮይሉ ነው ወይስ ካንዴላው?

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። እንዴት ሰነበታችሁ?

መኪናዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን፣ አራት ሲሊንደር፣ ሞተሯ 2ቲአር የሚባለው። ከድሬ ሩዝና ፓስታ ጭኜ ሐረር አደርሳለሁ። ስመለስ ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ይዤ ቀፊራ ገበያ አራግፋለሁ። የልጆቼ እንጀራ በእሷ ላይ ነው።

ችግሯን ልንገራችሁ። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ስዞር ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳልረግጥ የምትዞርበት) እንኳን ልስልስ ያለ ነው። ጭኜ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስጀምር ግን፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስረግጥ ትቆራርጣለች። ወደፊት ወርወር ትልና ትያዛለች፤ ደግማ ወርወር ትልና ትያዛለች። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እግሬን ሳነሳላት ይተዋታል። አናቱ ላይ ስደርስ ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች።

ጋራዥ ወሰድኳት። በስካነር አዩና ፒ0302 የሚል ኮድ አወጡ። አራቱንም ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያነደውን)፣ አራቱንም ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን) እንድቀይር ነገሩኝ። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርጄ ዋጋ ጠየቅሁ። አንድ ኦርጅናል ኮይል የሳምንት ገቢዬን ይወስዳል፤ አራቱ ማለት የወር ቀለብ ነው። እዚያው መደርደሪያ ላይ ሳጥኑ ቁርጥ ኦርጅናሉን የሚመስል፣ ዋጋው ሲሶ የሆነ ሌላ ኮይል አለ።

የምጠይቃችሁ ይኼን ነው። አራቱንም ኮይል መቀየር ግድ ነው? ርካሹ ይሠራል? ካንዴላውስ ተራው ይሻላል ወይስ ኢሪዲየም የሚባለው?

ከዚህ በታች ያለው የተሰጠኝ መልስ ነው። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) በጣም ረዘመ፤ መሃል ላይም ሌላ ሌላ ወሬ ገባበት። ኋላ የኔ ዓይነት ችግር ገጥሞት ለሚመጣ ሰው እንዲቀል ብዬ፣ ቁጥራቸውን ሳላዛባ በራሴ ቃል አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከመልካ ጀብዱ ነው። ሰውየው መልካም ሰላምታ አስቀድሞ፣ ገና ምንም እንዳልገዛ ለመነኝ። ፒ0302 ሁለተኛው ሲሊንደር ሚስ ማድረጉን፣ ማለትም ቤንዚኑን በአግባቡ አለማንደዱን ብቻ እንደሚናገር፣ ኮይሉ ሞተ ማለት እንዳልሆነ አስረዳኝ። ስካነሩ የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ያውቃል፤ ለምን እንደደከመ አያውቅም። ከዚያ ፈተናውን ሰጠኝ። እያንዳንዱን ኮይል የያዘችው በ10 ቁልፍ የምትፈታ አንዲት ብሎን ናት። የሁለተኛውን ኮይል ነቅሎ ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ መትከል። ኮዱን አጥፍቶ ጭኖ ደንገጎን መውጣት። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ተጉዟል ማለት ነው። እዚያው ፒ0302 ላይ ከቀረ ኮይሉን ትቶ ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን)፣ ኮምፕሬሽኑን (የአየር እመቃውን) ማየት ነው። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አይወጣም።

መልስ 2 ይህን ሁሉ ጣጣ አልወደደውም። እሱ ሁሉንም በአንዴ ቀይሮ መገላገልን ይመርጣል። ባለፈው ዓመት አንድ ኮይል ብቻ ቀይሮ በሳምንቱ ሌላው ስለሄደበት፣ ሙሉ ቀን ደንገጎ መታጠፊያ ላይ ቲማቲም ጭኖ ቆሟል። ቲማቲሙም ፀሐይ ላይ ዋለ። ንዴቱ ገብቶኛል።

መልስ 3 ግን ሁለተኛውን በጨዋ ደንብ አረመው። ካንዴላ አራቱም እኩል ስለሚያረጁ አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ኮይል ግን በተራ እንጂ በአንድ ቀን አይሞትም። ቀጥሎ የጻፈውን እኔ ከዚህ በፊት ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ተቀብሎ ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት የሚዘለው በዚያ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ይበዛል፤ ሲታመቅም ግፊቱ ይጨምራል። በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ብልጭታው ተጨማሪ ቮልት ይፈልጋል። ካንዴላው በልቶ ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚደበቅ ድካም ደንገጎ ላይ ይጋለጣል። በዚያ ላይ ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ኮይሉን አለአቅሙ እያሠራ እሱንም እንደሚገድለው ጨመረ። የሚበራው መብራት ዝም ብሎ ከቆመ ረጋ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን እግርን ማንሳት ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ወጥቶ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ያግለዋል፤ የዚያም ዕቃ ዋጋ ከአራት ኮይል ይብሳል።

መልስ 4 ናፍጣ ሃይሉክስ ያለው ወንድም ነው። የእሱም እንደኔዋ ዳገት ላይ ስለምትደክም የትኛውን ካንዴላ ይግዛ እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 5 ክፉኛ ተናገረው። ናፍጣ ላይ ካንዴላ እንደሌለ የማያውቅ ሰው መሪ መያዝ እንደሌለበት ጻፈበት። መልስ 6 ያው ናፍጣ ነጂ ተቀይሞ ነው የመጣው። ለመማር መጠየቁን፣ የመጣው ለስድብ እንዳልሆነ አሳወቀ። ልክ ነበር።

ያስታረቃቸው መልስ 7 ነው። ከአነጋገራቸው ትልቅ ሰው ይመስሉኛል። ናፍጣ በመታመቅ ሙቀት ብቻ እንደሚነድ፣ ብልጭታ እንደማይፈልግ፣ ያለው ካንዴሌታ እንደሆነና ሥራውም ጠዋት በብርድ ሲነሳ ማሞቅ እንደሆነ አስረዱ። ድሬ ሙቀት ላይ ካንዴሌታ ሞቶ ወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሐረር አድሮ በጥቅምት ጠዋት ሲነሳ ነው ጉዱ የሚወጣው። ዳገት ላይ ለሚደክም ናፍጣ የናፍጣ ፊልትሮውን፣ ቱርቦውንና ቱቦዎቹን እንዲያይ መከሩት። የተሰደበውን ናፍጣ ነጂ ልጄ እያሉ ነው የጻፉለት። ከዚያ በኋላ ክሩ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

መልስ 8 በአጭሩ አሮጌው ካንዴላ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳነብ ጠየቀኝ። መልስ 9 የኔ ነው። አንዱን አስፈትቼ አነበብኩት፤ ነጩ ሸክላ ላይ ዴንሶ ኬ20ኤችአር-ዩ11 ይላል።

መልስ 10 ይህን ቁጥር እንደ ፊደል ቆጠረልኝ። 20ው የሙቀት ደረጃው ነው። አር ውስጡ ሬዚስተር እንዳለው ይናገራል፤ እሱ ከሌለ ሬዲዮው ይንጫጫል፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ሊረበሽ ይችላል። ዩ ጫፉ ላይ የተቆረጠውን ቦይ ነው። 11 ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር መሆኑን ነው። የሚጠመዘዝበት ጥርስ ርዝመትም ከቁጥሩ ይታወቃል፤ የኔ ረጅሙ ነው። አጭር ጥርስ ያለው ካንዴላ እዚሁ ሞተር ላይ ሊገባና ሊጠብቅ ይችላል፤ ብልጭታው ግን ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ለአጭር ጥርስ በተሠራ ሞተር ላይ ረጅሙን ማስገባት ደግሞ ፒስተን ሊያስመታ ይችላል። ስለዚህ ገባልኝ ማለት ሆነልኝ ማለት እንዳልሆነ አጥብቆ ነገረኝ። ከኤንጂኬ ብገዛም ችግር የለም፤ የዴንሶ 20 ከኤንጂኬ 6 ጋር ይቀራረባል። ከብራንዱ ይልቅ ቁጥሩ ይበልጣል። እኔ በዚህ ክር ካገኘሁት ሁሉ ይቺን ነው በስልኬ ጽፌ የያዝኳት።

መልስ 11 ላይ ጸብ ተጀመረ። አንድ የድሮ ሹፌር፣ ድሬ ሞቃት ስለሆነች አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ካንዴላ ማድረግ እንዳለብኝ፣ በ20 ፋንታ 22 እንድገዛ መከረኝ። መልስ 12 በሐሳቡ ተስማማ፤ እሱም በግንቦት ሙቀት እንደዚያ ያደርጋል።

መልስ 13 ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ አውቶሞቲቭ የምታስተምር እህት ናት። ረጅም ጻፈች፤ አንዷም ቃል ትርፍ አይደለችም። የካንዴላ ሙቀት ደረጃ ከአየሩ ጠባይ ጋር ሳይሆን ከሞተሩ ጋር የተለካ ነው። ጫፉ የተቀበለውን ሙቀት ምን ያህል ቶሎ ወደ ቴስታታው (ካንዴላው ወደሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እንደሚያስተላልፍ ነው የሚለየው። ሲሊንደር ውስጥ የሚነደው እሳት ከ2,000 ዲግሪ ይበልጣል። ድሬ ከሐረር በጥቂት ዲግሪ መብለጧ ለእሱ ምንም አይደለም። የካንዴላው ጫፍ ከ500 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲግል ጥቀርሻውን ራሱ ያቃጥላል። ከ800ዎቹ ሲያልፍ ደግሞ ብልጭታ ሳይጠብቅ ቤንዚኑን ማንደድ ይጀምራል። ቀዝቃዛ ካንዴላ አድርጎ ከዚራ ውስጥ ቀስ እያለ የሚዞር ሰው ጫፉ ስለማይግልለት ጥቀርሻ ይይዝበታል። ቀዝቃዛው የሚያስፈልገው ሞተሩ ጉልበት ሲጨመርበት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለች። ዴንሶና ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ ቦሽ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ሳያውቅ ቁጥር አወዳድሮ የሚገዛ ሰው በተቃራኒው ሊሄድ ይችላል።

መልስ 14 የድሮው ሹፌር ነው። ተቆጣ። ከጅቡቲ እስከ ጅግጅጋ የነዳበትን ዘመን ቆጥሮ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መኪና አይታወቅም የሚል ነገር ጻፈ። ይሄ ቃሉ አሳዘነኝ። የዕድሜ ልክ መንዳትም ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ሰው እሱን ይዞ ሲመጣ ደስ ይለኛል። እህታችን ግን ሐሳቡን ነካች እንጂ እሱን አልነካችም ነበር። መልስ 15 ላይ ንግግር አላበዛችም። ሁለት ፎቶ ለጠፈች። አንደኛው የተስማማው ካንዴላ ነው፤ ሸክላው እንደ ፈካ ቡና ወተት። ሁለተኛው ያለደረጃው የቀዘቀዘ ነው፤ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጥቁር፣ ደረቅ። ሰውየው መልስ አልሰጠም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ፎቶዋን ወዶት አየሁ።

መልስ 16 ከሐረር ነው፤ እዚህ ጋ ከጉዳያችን ወጣን። እኚህ ጋሼ በወጣትነታቸው ፔጆ 404 ታክሲ ነድተዋል። ያኔ ለአራት ሲሊንደር አንድ ቦቢና (የያኔው ኮይል) ነበር። ብልጭታውን የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ነው። ፕላቲኑ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው) ሲበላ ሐኪም ሆነው መንገድ ዳር ያክሙታል፦ በጥፍር ሞረድ አፉን ፈቅፈቅ፣ በሲጋራ ወረቀት ክፍተቱን ለካ፣ ጉዞ። ካንዴላውን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው በቤንዚን አጥበው ይመልሱታል። መልስ 17 እና 18 የፈረስ መጋላን ሰማያዊና ነጭ ፔጆዎች፣ ስንት ሰው ከኋላ ይጫን እንደነበር፣ በር በገመድ ይታሰር እንደነበር እያነሱ ሄዱ። እኔም አባቴን አስታወስኩ፤ ሐረር ሲወስደኝ በእነሱ ነበር የምንሄደው። ማንም እንዲያቆሙ አልጠየቃቸውም።

መልስ 19 ወደ ነገሩ መለሰን። በአክብሮት፣ የጋሼ የብርጭቆ ወረቀት ለዛሬው ካንዴላ መርዝ መሆኑን ነገረን። የኢሪዲየም ካንዴላ መሃል ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ በብረት ብሩሽ ወይም በወረቀት ከተነካ ያበቃለታል። ክፍተቱንም በመጎልጎል ማስተካከል ክልክል ነው። ቀጥሎ የኔን ሦስተኛ ጥያቄ መለሰ። ኢሪዲየም የሚቀልጠው ከ2,400 ዲግሪ በላይ ነው፤ ኒኬል በ1,455 ላይ። ስለዚህ ኢሪዲየሙ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊያደርስ ይችላል። ተራው የኒኬል ከ30 እስከ 40 ሺህ ነው። ጉልበት ግን አይጨምርም። ዕድሜ ነው የሚገዛው።

መልስ 20 ስለ ፎርጂዱ ነው። በዚህ ክር ለኪሴ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ሰውየው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው። አራት ካንዴላ ከአንድ ሳጥን አውጥቶ ጎን ለጎን ማስተኛት። የአራቱም ክፍተት እኩል መሆን አለበት፤ ፎርጂዱ ላይ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። መሃል ጫፉ ከላይኛው ጥምዝ ጋር ልክ ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ መተው ነው። ዋናው ፈተና ግን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ነው። አር ያለበት ካንዴላ ከአናቱ እስከ መሃል ጫፉ ሲለካ ወደ 5,000 ኦም ገደማ ያሳያል። ዜሮ ካሳየ ውስጡ ሬዚስተር የለም፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው። ኮይልን ግን በዚህ መንገድ መለካት እንደማይቻል አስጠነቀቀኝ። የኔ ዓይነቱ ባለ አራት ሽቦ ኮይል ውስጡ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው የቴስተር ቁጥሩ አያስተማምንም። ለእሱ የሚሻለው የመልስ 1 ማቀያየር ነው። በዋጋ ካልተቻለ ደግሞ ከፎርጂድ ኢሪዲየም እውነተኛ ኒኬል እንደሚሻል መከረኝ። እኔም በዚህ ልቤ አምኗል።

መልስ 21 ራሱ መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ተናዶ ገባ። ታይዋን ሁሉ ሌባ ተደርጎ መሳሉ አስከፍቶታል። ደንበኛው ራሱ ገብቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ርካሹን ነው፤ ኦርጅናሉን ሲያሳዩት እንደ ቀማኛ ያያቸዋል። መልስ 22 መልሶ ተሳደበ፤ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። መልስ 23 ላይ ነጋዴው ተመለሰ፤ በዚህኛው ግን ረጋ ብሎ። ገዢ አሮጌውን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ፣ ከመክፈሉ በፊት ሳጥኑን አስከፍቶ እዚያው እንዲለካ፣ ደረሰኝ ላይ ቁጥሩን አስጽፎ እንዲሄድ ነገረን። ይህን ሁሉ አይሆንም የሚል ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ሐቀኛ ሰው እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

መልስ 24 የኔ ነው። በመልስ 1 ምክር ኮይሎቹን አቀያየርኩ። በነጋታው አሥር ካርቶን ፓስታ ጨምሬ ወጣሁ። ቆራረጠችብኝ። አናቱ ላይ ቆሜ ስካነር ያለው ልጅ አነበበልኝ። ፒ0302፤ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ አሁን የተተከለው የሦስተኛው ደህና ኮይል ነው። ስለዚህ ኮይሉ አልነበረም። አራት ኮይል ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሆዴ ተሸበረ።

መልስ 25 ያው የመልካ ጀብዱው ወንድም ነው። አሁን የሁለተኛውን ካንዴላ ጉድጓድ በባትሪ መብራት እንዳየው አዘዘኝ። መልስ 26 ላይ ያየሁትን ነገርኳቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ተኝቷል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ካንዴላውን እስከ አንገቱ የዋጠ። ካንዴላውን ሳወጣው ነጩ ሸክላ ላይ ከአናቱ እስከ ብረቱ የምትወርድ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። በእርሳስ የተሰመረች ነው የምትመስለው። በጨርቅ ብጠርጋት አትለቅም። ክፍተቱም ሰፍቷል፤ 1.1 የነበረው 1.5 ሆኗል።

መልስ 27 ጥቁሯ መስመር የብልጭታው የስርቆት መንገድ እንደሆነች ነገረኝ። ኤሌክትሪኩ ወደ ጫፉ ወርዶ ሰፊውን ክፍተት ከመዝለል ይልቅ በዘይት በተነከረው ሸክላ ጎን ወደ ብረቱ ይወርዳል። አንዴ ከተሰመረች አትጠፋም። ዘይቱ የመጣው ከላይኛው ክዳን ነው። የካንዴላ ጉድጓዶቹን የሚከብቡት ጎሚኒዎች (ዘይት የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) በሙቀት ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባው) ከነጎሚኒዎቹ ካልተቀየረ አዲሱ ካንዴላም በወሩ ይዋኛል። መልስ 28 ደግሞ ሞተሩን ላቫጆ በፕሬሸር ውኃ አሳጥቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ፣ በወር አንዴ አሳጥባለሁ። ውኃውም እዚያው ጉድጓድ እንደሚቀመጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገባኝ፤ አሁን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው የማስጠርገው።

መልስ 29 ስለ ገጠማው ነው። የጻፈልኝ መካኒክ የድሬን አቧራ ያውቃል። ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት፤ አለበለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞ መሆን አለበት። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ በትኩሱ የተፈታ ካንዴላ ጥርሱን ይዞት ሊወጣ ይችላል። ግንቦት ላይ ድሬ ሞተር ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ አሳድሮ በጠዋት መሥራት ይሻላል። ለማስገባት ደግሞ ቁራጭ የጎማ ቱቦ የካንዴላው አናት ላይ ሰክቶ በጣት ማዞር፤ ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ራሱ እምቢ ብሎ ይንሸራተታል። በእጅ እስኪቆም ከዞረ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ገደማ። ከዚያ በላይ ጉልበት ማሳየት አያስፈልግም። ወድቆ ወለል የመታ ካንዴላ ደህና ቢመስልም አይገባም፤ ሸክላው ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መልስ 30 ሌላ ነገር አመጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ነገ ሁሉም ኤሌክትሪክ ሲሆን የካንዴላ ወሬ እንደሚያበቃ ጻፈ። መልስ 31 ነገሩን በተቃራኒው አየው። አዲስ ካልገባ ያሉት ረጅም ዘመን መሥራት አለባቸው፤ ስለዚህ በደንብ መያዝን ዛሬ ነው መማር ያለብን። ሁለቱም ትንሽ ተከራክረው ተዉት። እኔ ግን ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ ይቺን መኪና የምተካበት አቅም የለኝም።

መልስ 32 የኔ ነው፤ በጭንቀት ነበር የጻፍኩት። ክዳኑ ተከፍቶ ጓርኒሲዮኑና የጉድጓዶቹ ጎሚኒዎች ተቀየሩ። አራት እውነተኛ የኒኬል ካንዴላ፣ ያው ኬ20ኤችአር-ዩ11፣ በቴስተር ለክቼ ገዛሁ። ጉድጓዶቹ ደረቁ። ኮይሎቹን እንደተቀያየሩ ተውኳቸው። ደንገጎን ወጣሁ። ግማሹ ዳገት ላይ ደግማ ቆራረጠችብኝ። አሁን ደግሞ ኮዱ ፒ0303 ነው።

መልስ 33 ያ አራቱንም ቀይር ያለው ሰው ነው። ደስ ብሎት መጣ። ኮይል እንደሆነ ከመጀመሪያ መናገሩን፣ ባለመስማቴ በጓርኒሲዮን ገንዘብ መጨረሴን አስታወሰኝ። ለአንድ ማታ እኔም እውነቱን መሰለኝ።

መልስ 34 የኤሌክትሪሽያኑ ነው፤ መልስ 20ን የጻፈው። ሰውየውን ሳይነካ ነገሩን ፈታው። ሦስተኛው ላይ ያለው የድሮው የሁለተኛው ኮይል ነው። ኮይሉ ራሱ ደህና ነው፤ ከታቹ ያለው፣ ካንዴላውን የሚያቅፈው ጥቁር ጎማ ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ዘይት ውስጥ ከርሟል። ሸክላው ላይ ያየኋት ጥቁር መስመር ከጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይም መንትያ አላት። አሮጌ ጎማ አዲስ ካንዴላ ላይ ሲለበስ መስመሯን እንደገና ያትምበታል። መጀመሪያ ሳቀያይር ኮዱ ሁለተኛው ላይ የቀረው፣ ያኔ ትልቁ ስርቆት በካንዴላውና በዘይቱ በኩል ስለነበር ነው። ያ ሲዘጋ የጎማው ተገለጠ። ስለዚህ ጎማውን ብቻ ስቤ ልቀይር፤ የኮይል ዋጋ አልከፍልም። ሦስተኛው ላይ ያለውን አዲሱን ካንዴላም ሸክላውን ልይ፤ መስመር ከጀመረ እሱም ይወጣል።

መልስ 35 የመጨረሻው የኔ ነው። ጎማውን ስቤ አወጣሁት። ጫፉ አብጧል፣ ሲጨበጥ እንደ በሰለ ቲማቲም ይሟሟል። በምላጭ ለሁለት ሰነጠቅሁት። መስመሯ ውስጡ አለች፤ ልክ እንዳለው። የተቃጠለ ኮይል ከሚሸጥ ሰው ደህና ጎማ ከነስፕሪንጉ በአንድ ምሳ ዋጋ ገዛሁ። አዲሱ ካንዴላ ላይ መስመሯ ፀጉር ታክላ ጀምራ ስለነበር እሱንም ቀየርኩት።

ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሙሉ ጭኜ ተነሳሁ። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቼ ወደ 2,000 ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ አውቄ ረገጥኳት። ከዚህ በፊት የምትያዝባት ጠምዛዛ መንገድ ጋ ስደርስ ሬዲዮውን ዘጋሁ። ድምፅዋ አንድ ወጥ ነው። መብራቱ አልበራም። አናቱ ላይ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ አራቱ ጉድጓዶች ደረቅ ናቸው። አራቱም ኮይሎች የድሮዎቹ ናቸው። ሐረር 2 ሰዓት ሳይሞላ አራገፍኩ።